የአማቴ ፊት፦ ከአንደኛ ደረጃ እስከ ስረዛ

የሰው ልጅ ሥራውን «አለቀ» ብሎ ማስረከብ ከጀመረ ወዲህ በዓለም ላይ የደረሰው ጥፋት ተነግሮ አያልቅም። አልቋል የተባለ ድልድይ ይደረመሳል። አልቋል የተባለ ቤት ጣራው ያፈሳል። አልቋል የተባለ ንግግር ጭብጨባ ሲሰማ እንደገና ይጀመራል። እኔ ከዚህ ሁሉ ጥፋት እጄ ንጹሕ ነው። በሙያ ዘመኔ አንድም ሥራ ጨርሼ አላውቅም፤ የጨረስኩትን አንዱንም ራሴ ሰርዤዋለሁ። ይህ ጽሑፍ የዚያ ሥራ ታሪክ ነው። ለትውልድ መማሪያ ይሆን ዘንድ ከሙሉ ትሕትና ጋር ቀርቧል፤ ትሕትናዬም እንደ ሌላው ሥራዬ ገና ትንሽ ይቀረዋል።

ሙያዬ በመዳብ ላይ መሣል ነው። ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። የመዳብ ሰሌዳ በሰም ይቀባል። በሰሙ ላይ በመርፌ ይሣላል። ሰሌዳው አሲድ ውስጥ ሲገባ አሲዱ መርፌው የገለጠውን መስመር ብቻ ይበላል። ከዚያ ሰሙ ይነሣል፣ የተበላው መስመር ቀለም ይሞላል፣ የቀረው ይወለወላል፤ እርጥብ ወረቀት ተደርቦበት በማተሚያው ሥር ያልፋል። ወረቀቱ ሲነሣ ሥዕል አለ። እዚህ ላይ ተራ ሰው «እሰይ» ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ባለሙያ ግን ሰሌዳውን መልሶ ያነሣና ይጨምርበታል፣ ይፍቅበታል፣ ደግሞ ያትመዋል። ሰሌዳው በተነካ ቁጥር የሚታተመው ወረቀት «ደረጃ» ይባላል፤ አንደኛ ደረጃ፣ ሁለተኛ ደረጃ እያለ ይቀጥላል። በስተመጨረሻ ሰሌዳው ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ተጭሮ ይሰረዛል፤ ከእንግዲህ ማንም እንዳያትምበት።

ከደረጃዎች ሁሉ የምወደው ቀጣዩን ነው። በማስተምርበት የሥዕል ትምህርት ቤት ተማሪዎቼ «አቶ ትንሽ ቀረኝ» ይሉኛል። ፊት ለፊት አይሉኝም፤ ኮሪደሩ ግን ምስጢር አይዝም። አንድ ነገር ከማረሜ በፊት እርሳሴን በአውራ ጣቴ ጥፍር ላይ ሁለቴ ጠቅ ጠቅ የማድረግ ልማድ አለኝ። ይህ ድምፅ ሲሰማ ክፍሉ በሙሉ ሥዕሉን በክንዱ ይሸፍናል። ከአክብሮት የተነሣ ነው ብዬ አምናለሁ።

አማቴ ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው። በሥራ ዘመናቸው ሁለተኛ ቀጠሮ ስለማይሰጡ ከሳሽም ተከሳሽም እኩል ይፈራቸው ነበር። «ነገር ከሥሩ፣ ውኃ ከጥሩ» ይሉና በዚያው ቀን ይፈርዳሉ። ልጃቸውን ልጠይቅ የሄድኩ ዕለት ከእግር እስከ ራሴ አይተውኝ፣ «ውሳኔህ የመጨረሻ ነው?» አሉኝ። እኔም ሙያዬ አይለቀኝምና «በመሠረቱ» ብዬ መለስኩላቸው። ልጃቸውን ሰጡኝ፤ ያቺን «በመሠረቱ» ግን እስከ ዛሬ አልረሷትም።

አንድ ቀን ባለቤቴ አባቷን ዓይን ሐኪም ዘንድ ወስዳ ስትመለስ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወንበር ላይ ቁጭ አለች።

«ምን አለ ሐኪሙ?»

«ብርሃኑ እየሄደ ነው አለ። መመለስ አይቻልም፣ ቀስ እያለ ነው የሚሄደው። ‹ማየት የሚፈልጉት ነገር ካለ ዛሬ ነገ ሳትሉ አሳዩአቸው› አለን።»

«እሳቸውስ ምን አሉ?»

«መኪና ውስጥ እንደገባን፣ ‹ባልሽ የሰውን ሁሉ ፊት ይሥላል። የኔን መቼ ነው የሚሥለው?› አለኝ።» እጄን ያዘች። «ሣልለት። እያየ። ሌላ ምንም አልለምንህም።»

ይህን ስሰማ ልቤ ተነካ። ይህችን እንኳ ለሽሙጥ አላቀርባትም። ሽማግሌውን እወዳቸዋለሁ፤ እሷን ደግሞ እንዲህ ስትለምነኝ አይቻት አላውቅም።

በማግሥቱ ሰሌዳዬን በሰም ቀብቼ ሄድኩ። አማቴ ሳሎናቸው ውስጥ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው፣ «ልናገር ወይስ ዝም ልበል?» ብለው ጠየቁኝ። «እንደ ፈለጉ» አልኳቸው። እንቅልፍ ወሰዳቸው። ፀሐይ ግማሽ ፊታቸው ላይ አርፋለች፤ መነጽራቸው ወደ አፍንጫቸው ጫፍ ተንሸራቷል፤ ከንፈራቸው ሊፈርድ እንደተዘጋጀ ሰው ግጥም ብሏል። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ እጄ ሳያስፈቅደኝ ሄደ። ሲነቁ ጨርሼ ነበር። ይህ ቃል በስሕተት የገባ ነው፤ «ጀምሬ ነበር» ተብሎ ይነበብ።

ሰሌዳውን አሲድ አስበልቼ ጠዋት አንድ ወረቀት አተምኩ። ባለቤቴ ሳህን ስታጥብ ጠራኋት። እጇን ሳታደርቅ መጥታ ወረቀቱን ብድግ አደረገችው።

«እርጥብ እጅ!» ብዬ ጮህኩ።

አልሰማችኝም። «አባዬ!» አለች። ዓይኗ እንባ አቀረረ።

«አንደኛ ደረጃ ነው» አልኳት።

«ኧረ እሱ ራሱ ነው! ስጠኝና ልውሰድለት።»

«ይሄ ሙከራ ነው። ሰው ለአባቱ ሙከራ አይሰጥም።»

«ምኑ ነው የጎደለው?»

ምኑ እንደ ጎደለ አላውቅም ነበር። ሆኖም ባለሙያ እንዲህ ያለ ጥያቄ ሲቀርብለት ጠያቂን ባዶ እጅ አይመልስም። «አየር» አልኳት።

በዚህ መሐል ወንድሟ ከተፍ አለ። የባለቤቴ ወንድም የአንድ መሥሪያ ቤት ዋና ገምጋሚ ነው። ሥራው ሌሎች የሠሩትን አይቶ ጉድለት ማግኘት ነው፤ ሙያውን ስለሚወድ ከቢሮ ውጭም በነጻ ይሠራል። ዘመድ ሁሉ «ግን» ብሎ ነው የሚጠራው፤ ማንኛውንም ነገር ሲያመሰግን ይጀምርና «ግን» ሲል ምስጋናው ወደ መጣበት ይመለሳል።

ወረቀቱን ከዓይኑ አርቆ ያዘው። «እጅግ የሚደነቅ ነው» አለ። «እጅግ! ግን ነጥቡ ወዴት ሄደ?»

አማቴ ቀኝ ጉንጫቸው ላይ ትልቅ ጥቁር ነጥብ አላቸው፤ ማርያም የሳመችው የሚባለው ዓይነት ነው። በወረቀቱ ላይ ነጥቡ ግራ ጉንጫቸው ላይ ጉብ ብሏል። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ሰሌዳ ሲታተም ግራና ቀኙ ይገለበጣል። እኔ ራሴ በየዓመቱ የትምህርቱ የመጀመሪያ ቀን፣ «ሥዕል ተገልብጦ እንደሚታተም የሚረሳ ሰው ሱሪውን በራሱ ላይ የሚያጠልቅ ነው» እያልኩ አስተምራለሁ። እነሆ፣ በገዛ ቤቴ፣ ሚስቴና የሚስቴ ወንድም ፊት፣ ሱሪዬን በራሴ ላይ አጥልቄ ቆምኩ።

«እሱን ደግሞ ማን ያየዋል?» አለች ባለቤቴ።

«ታሪክ» አለ ወንድሟ።

እርሳሴን ከኪሴ አወጣሁ። ጠቅ፣ ጠቅ።

«ተው!» አለች። «ይሄን ስጠኝና ሌላውን እንዳሻህ አድርገው።»

«ይሄን መሳቢያ ውስጥ አንጥፊው» አልኳት።

«እሺ» አለች። በትዳራችን ዘመን ሳትከራከረኝ «እሺ» ያለችኝ ያን ቀን ብቻ ነው። መጠርጠር ነበረብኝ። ግን በዚያች ሰዓት ታሪክ እያየኝ ስለነበር ጊዜ አላገኘሁም።

የባለቤቴ ወንድም በበኩሉ ለሥራው ማበረታቻ ይሆን ዘንድ ሰፊ የእንጨት ፍሬም አሠርቶ በአማቴ ሳሎን ግድግዳ ላይ ባዶውን ሰቀለው። «ቦታው ሲዘጋጅ ሥራው ይመጣል» አለ። አማቴም ከዚያ ቀን ጀምሮ ፊት ለፊታቸው የተሰቀለ አራት ማዕዘን ግድግዳ እያዩ ይቀመጡ ጀመር።

መዳብ ላይ የተሳሳተ ነገር በላጲስ አይጠፋም። በብረት ይፋቃል፤ የተፋቀው ቦታ በሌላ ብረት ይታሻል። ፋቅሁ፣ አሸሁ። ነጥቡ ጠፋ፤ በቦታው ግን ጎድጓዳ ቀረ፤ ጎድጓዳውም ቀለም ጠጣ። ሁለተኛው ደረጃ ሲታተም አዲሱ ነጥብ በትክክለኛው ጉንጭ ላይ ነበር። በሌላው ጉንጭ ላይ ደግሞ ቡጢ ያረፈበት የሚመስል ጥቁር ጠባሳ ነበር።

«አባዬን ማን መታው?» አለች ባለቤቴ።

«ይህ የሽግግር ወቅት ክስተት ነው» አልኳት።

ጠባሳውን ለመሸፈን ያን የፊት ጎን በሙሉ ማጥቆር ግድ ሆነ። ፊቱ በዚያ በኩል ከጠቆረ ብርሃን ከዚያ ሊመጣ አይችልም። ስለዚህ መስኮቱን ወደ ወዲያኛው ግድግዳ አዛወርኩት። የድሮው መስኮት ቦታ ጭር ሲልብኝ ከባድ መጋረጃ ሰቀልኩበት። መጋረጃው ወለል እንዲነካ ወንበሩን ገፋሁት። ለአንዲት ነጥብ ሲባል ያለ ግንባታ ፈቃድ ቤት አፍርሼ ሠራሁ። ይህ ሦስተኛው ደረጃ ነው፤ በውስጡ ያሉትን ንዑሳን ደረጃዎች አንባቢን ላለማድከም ትቻቸዋለሁ።

«አባዬ አሁን ጋዜጣ ላይ ትልልቁን ፊደል ብቻ ነው የሚያነበው» አለችኝ ባለቤቴ አንድ ቀን ምሳ እየበላን። «መቼ ነው የምትሰጠው?»

«የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።»

«ልትኳል ብላ ዓይኗን ያጠፋችውንስ ሰምተሃል?»

«ሰምቻለሁ። እሷ ግን ደረጃ በደረጃ የተነደፈ ዕቅድ አልነበራትም።»

ማንኪያዋን አስቀምጣ አየችኝ። ልትናገር ፈልጋ ተወችው። ሚስት ልትናገር ፈልጋ ስትተው ባል አሸንፏል ማለት ነው፤ እንዲህ ነበር የማምነው።

አማቴን እየሄድኩ እጠይቃቸው ነበር። ሥዕሉን ይዤ አልሄድም፤ ያላለቀ ሥራ ለባለጉዳይ ማሳየት ከሥነ ምግባር ውጭ ነው። ባዶ እጄን እሄድና አጠገባቸው ቁጭ እላለሁ።

«ደረሰ?» ይሉኛል።

«ትንሽ ቀረኝ፣ አባባ።»

«በዳኝነት ዘመኔ ለማንም ያልሰጠሁትን ቀጠሮ በጡረታዬ ላንተ ሰጥቼ ጨረስኩት እኮ» ይሉና ይስቃሉ። ከዚያ የድሮ ችሎት ይተርኩልኛል፤ ስለ አንድ ምስክር፣ ስለ አንድ የጠፋ በር፣ ሁለት ወንድማማቾች ስለተካሰሱበት አጥር። ፊታቸው ላይ ቅሬታ አላየሁም። ለጥበብ ካላቸው አክብሮት የተነሣ ነው ብዬ ተረጎምኩት።

ዓይናቸው እየደከመ ሲሄድ ጆሯቸው ሹመት አገኘ። ሰውን በጫማው ድምፅ ከበር ይለያሉ። ወንድ ልጃቸው ገና አየር ሲስብ «ግን ልትል ነው» ይሉታል፤ እሱም ያፍርና የሳበውን አየር መልሶ ያወጣዋል። እንግዶች ሲመጡ ደግሞ እሱ ባዶውን ፍሬም እያሳየ «እንዴት አያችሁት?» ይላል። አንድ ጎረቤት፣ ሰው ማስቀየም የማይወዱ፣ ረጅም ሰዓት ትክ ብለው አይተው «ንጹሕ ሥራ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነበር። ከዚያ በኋላ በሠራኋቸው ደረጃዎች ላይ ይህን ያህል ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

አራተኛው ደረጃ የመጣው ከወንድሟ ነው። «መጋረጃው እጅግ የሚደነቅ ነው» አለ። «ግን ዳኛ መሆኑ በምን ይታወቃል?» ጥያቄው ከባድ ነበር። ጥቁር ካባ አለበስኳቸው፤ ከኋላቸው ደግሞ እስከ ጣራ የሚደርስ የመጻሕፍት መደርደሪያ ገነባሁ። አማቴ መደርደሪያ ኖሯቸው አያውቅም፤ ሕጉን የያዙት በጭንቅላታቸው ነበር። ይህን ለባለቤቴ ወንድም ባስረዳው «ጭንቅላት አይታይም፣ መደርደሪያ ይታያል» አለኝ። እንዲህ ያለ ሰው ዋና ገምጋሚ መሆኑ የሚገርም አይደለም።

አምስተኛው ደረጃ ጺም ነው። ጺሙ የመጣው በኪነ ጥበብ ምክንያት ሳይሆን በመዳብ እጥረት ነው፤ ጉንጩ ከመፋቅ ብዛት ሳስቶ ነበርና የሚሸፍነው ነገር አስፈለገ።

«ይሄ ሰውዬ ማነው?» አለች ባለቤቴ።

«አባትሽ ናቸዋ።»

«አባዬ በየቀኑ ነው የሚላጨው። ዛሬ እንኳን መስታወቱ አልታይ ብሎት በዳሰሳ ተላጭቶ ነው የጠበቀኝ።»

«ይህ የውስጣቸው ጺም ነው።»

ወጥታ ሄደች። በሩን አላላተመችውም፤ ቀስ አድርጋ ነው የዘጋችው። ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ስድስተኛውን ደረጃ ሳስብ እስከ ዛሬ በራሴ እደነቃለሁ። መደርደሪያውን ትንሽ ለማጥቆር ሰሌዳውን አሲድ ውስጥ ከትቼ ቆሜ ስጠብቅ ስልክ ተደወለ። የባለቤቴ ወንድም ነው፤ ስለ መጻሕፍቱ ጀርባ አንድ ሐሳብ መጥቶለታል። እኔም ትምህርት ለመስጠት ምቹ አጋጣሚ ስለሆነልኝ እየተንጎራደድኩ አስረዳሁት። «የጥበብ ሁሉ ምስጢር» አልኩት፣ «መቼ ማቆም እንዳለብህ ማወቅ ነው። ብዙዎች ይጀምራሉ፤ ማቆም የሚያውቅ ግን ስንት ሰው ነው?» ምሳሌ ጠየቀኝ፣ ምሳሌ ሰጠሁት። ሌላ ጠየቀኝ፣ ጨመርኩለት። ስልኩን ዘግቼ ዞር ስል አሲዱ ሲፍለቀለቅ ቆይቷል፤ ሰሙ ተልጦ፣ ካባውም፣ መደርደሪያውም፣ መጋረጃውም፣ ፊቱም አንድ ላይ ተበልተዋል። አሲድ ስለ ማቆም የሰጠሁትን ትምህርት አልተከታተለም።

ሳትመው ጥቁር ነው። ከአማቴ የቀረው የመነጽራቸው ሁለት ክብ፣ የአፍንጫቸው ጫፍና ጺም የሚመስል ነገር ነው። ተራ ሰው ቢሆን «ከድጡ ወደ ማጡ» ብሎ ያለቅስ ነበር። እኔ «የጥልቀት ደረጃ» ብዬ ሰየምኩትና የባለቤቴን ወንድም ጠራሁ።

«እጅግ የሚደነቅ ነው» አለ። ወረቀቱን አራቀው፣ አቀረበው፣ ወደ መስኮቱ ወሰደው። «ግን» እስኪል ጠበቅሁ። አላለም። ጉድለት ለማግኘት መጀመሪያ የሚታይ ነገር እንደሚያስፈልግ ያን ጊዜ አልታሰበኝም፤ ሥራዬ ከትችት በላይ የደረሰ መሰለኝ።

ያን ቀን ባለቤቴ ከአባቷ ቤት ስትመለስ «አባዬ አሁን ብርሃንና ጨለማ ብቻ ነው የሚለየው» አለችኝ።

ቀለም የነካ እጄን እንደያዝኩ ቆምኩ።  አንድ ሽማግሌ አንዲት ነገር ለምኖ ነበር፤ እኔ ደግሞ ቤት ስሠራለት፣ ካባ ስሰፋለት፣ ጺም ሳበቅልለት ዓይኑ ጥሎት ሄደ። ብርሃንና ጨለማ ለሚለይ ሰው ጥቁር ወረቀት ይዤ ልቀርብ ነው። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሰው ወይ ይቅርታ ይጠይቃል ወይ ሥነ ሥርዓት ያዘጋጃል። ሥነ ሥርዓት አዘጋጀሁ።

ሳሎናቸው ውስጥ ተሰበሰብን። ጥቁሩ ወረቀት ፍሬሙ ውስጥ ገብቷል፤ በጨርቅ ተሸፍኗል። እኔ ሰሌዳውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጬ ጉሮሮዬን ጠረግሁ።

«ማን ማን አለ?» አሉ አማቴ።

«እኛው ነን አባዬ» አለች ባለቤቴ። «እኔ፣ እሱና ወንድሜ።»

«እንግዲህ አዳራሹ ሞልቷል፤ ቀጥል» አሉኝ።

«በዛሬው ዕለት» አልኩ፣ «በዚህ ሳሎን የተሰበሰብንበት ዋና ዓላማ ከአንደኛ ደረጃ ተነሥቶ በርካታ ውጣ ውረዶችን ያሳለፈው ሥራ የደረሰበትን የላቀ ምዕራፍ ለማብሰር ነው። የአንድ ሰው ፊት በአንድ ቀን አይሠራም…»

«ኧረ ይሠራል» አለች ባለቤቴ በሹክሹክታ። ያልሰማሁ መስዬ አለፍኩ።

ንግግሬ እንዳበቃ የባለቤቴ ወንድም ጨርቁን ገለጠው። እሱ አጨበጨበ። አማቴ ወደ ድምፁ ዞረው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቀጥዬ የብረት መርፌውን አነሣሁና ሰሌዳውን ከላይኛው ማዕዘን እስከ ታችኛው በአንድ ትንፋሽ ጫርኩት፤ መልሼ በሌላው አቅጣጫ ጫርኩት። መዳቡ ጮኸ። አማቴ ደንገጥ አሉ።

«ምንድነው እሱ?»

«ሰሌዳው እየተሰረዘ ነው፣ አባባ። ከእንግዲህ ማንም ምንም አይነካውም።»

«ውሳኔው የመጨረሻ ነው?»

«የመጨረሻ ነው።»

«‹በመሠረቱ› የለበትም?»

«የለበትም፣ አባባ።»

«እስቲ አምጣው።»

ሰሌዳውን ጉልበታቸው ላይ አደረግሁላቸው። በጣታቸው ጫፍ ይዳብሱት ጀመር።

«ይሄ ምንድነው?»

«መጋረጃ።»

«ይሄስ?»

«መጽሐፍ መደርደሪያ።»

«የማን?»

«የርስዎ።»

«ደግ አድርገሃል፤ አልነበረኝም። ይሄ ሸካራውስ?»

 «ጺም» አልኩ።

እጃቸው ሳይታዘዝ ተነሥቶ የተላጨ ጉንጫቸውን ነካ። ባለቤቴ ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል፤ ሳቅ ይሁን ለቅሶ አልለይ አለኝ። አማቴ ጣታቸውን መልሰው ሲያወርዱ ጭረቱ ውስጥ ገባ። ጣታቸው ሳይቆም፣ ሳይደናቀፍ፣ ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ሄደ።

«ይሄኛውስ?»

«እሱ መሰረዣው ነው።»

«እጅህ ያልፈራው እዚህ ላይ ብቻ ነው» አሉ።

እንግዲህ ያዘጋጀሁት የመዝጊያ ንግግር ሌላ ነበር። ጠፋኝ። አጠገባቸው በርከክ ብዬ፣ «ይቅር ይበሉኝ፣ አባባ። ሳያዩት ቀሩ» አልኩ። 

«ምኑን?»

«ፊትዎን። እኔ የሠራሁትን።»

«ማን ነው አላየም ያለህ?» አሉና ወንበሩን ተደግፈው ተነሡ። ግድግዳውን በእጃቸው እየተከተሉ ወደ መኝታ ቤታቸው ገቡ፤ ተከተልናቸው። እዚያ ክፍል ገብቼ አላውቅም። ጥግ ላይ ካለው የእጅ መታጠቢያ በላይ የሚላጩበት መስታወት አለ። ከመስታወቱ ጎን በአራት ስፒል የተሰካ ወረቀት አለ። ጠርዙ ላይ የእርጥብ ጣት አሻራ ደርቆ ቀርቷል።

አንደኛ ደረጃ ነው።

«ልጄ ያመጣችልኝ ያኔውኑ ነው» አሉ አማቴ። «ገና የጋዜጣ ደቃቅ ፊደል አነብ ነበር። እዚህ ሰክቼ አንዴ ወደ መስታወቱ፣ አንዴ ወደ ወረቀቱ አየሁ። አንድ ሰው ነው። ሁለቱንም ሰላም አልኳቸው።»

«መሳቢያ ውስጥ አንጥፊው አላልኩሽም?» አልኳት ባለቤቴን።

«መሳቢያዬ ሌላ ወረቀት ነበረው።»

«ግን አባባ፣ ነጥቡ…» ብዬ አቋረጥኩ። ይህን «ግን» ያልኩት እኔ ነኝ። የባለቤቴ ወንድም የጠፋ ዘመዱን ያገኘ ያህል ትክ ብሎ አየኝ።

«ነጥቡ ምን ሆነ?»

«በተሳሳተው ጉንጭ ላይ ነው።»

«እሱ ለናንተ ነው። እናንተ ፊት ለፊት ነው የምታዩኝ። እኔ ራሴን የማውቀው በመስታወት ነው፤ መስታወት ውስጥ ደግሞ ነጥቤ ዕድሜ ልኬን በዚህ በኩል ነው። ምላጭ ስይዝ የምጠነቀቀው በዚህ በኩል ነው።» ጣታቸውን አንሥተው ወረቀቱን ሳይነኩ፣ በትክክል ነጥቡ ያለበትን አመለከቱ። «ለባለፊቱ ብለህ አስበህ የሠራኸው መስሎኝ በልቤ አመስግኜህ ነበር።»

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ በዚህ ጉዳይ የመጨረሻው ሰሚ እኔ ሆንኩ። «ታዲያ ይህን ሁሉ ጊዜ ለምን ዝም አሉኝ?» አልኳቸው።

«ተከራካሪ ማስረጃ ሲያቀርብ አላቋርጥም። ደግሞስ ‹ትንሽ ቀረኝ› ልትለኝ አይደል የምትመጣው? ጨርሰህ ቢሆን መች ትመጣና ታወራኝ ነበር?»

 አፈርኩ፤ ደስም አለኝ። አማቴ ፊታቸውን አይተውታል። ዓይናቸው ከመሄዱ በፊት፣ በወቅቱ፣ በመጀመሪያው ቀጠሮ ተፈርዶላቸዋል። ከዚያ ወዲህ የሠራሁት ሁሉ ለማንም አልነበረም።

ባለቤቴና ወንድሟ ወደ ሳሎን ተመለሱ። እሱ ፍሬሙን ባዶውን መልሶ ስለ መስቀል ሐሳብ ሲያቀርብ ይሰማኛል። አማቴ አልጋቸው ጠርዝ ላይ፣ ጀርባቸውን ለእኔ ሰጥተው አረፍ አሉ። እኔ ወረቀቱ ፊት ቀረሁ። ጥሩ ሥራ ነበር። የእኔ ስለማይመስል በነጻነት አደነቅሁት። ፀሐይዋ ግማሽ ፊታቸው ላይ አለች፤ መነጽሩ ተንሸራቷል፤ ከንፈሩ ግጥም ብሏል። ምንም አይጎድለውም።

ከጆሯቸው ሥር አንዲት መስመር ብቻ ሳትዘጋ ቀርታለች። ትንሽ ናት። በእርሳስ እንኳ ትሆናለች። እጄ ወደ ኪሴ ገባ።

ጠቅ።

ሁለተኛውን ሳላደርስ፣ «እርሳሱን ወደ ኪስህ መልስ» አሉ አማቴ ፊታቸውን ሳያዞሩ። «ቀጠሮህ አልቋል።»